የእናቴ ግራ ጆሮ

የእናቴ ቀኝ ጆሮ የእህቴ ነበር፤ ግራው የእኔ። ሽማግሌ ተቀምጦ ያካፈለን ግን የለም። ሞጣ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስትናገር እናቴ ትሰማለች፤ ትመልሳለች፤ ትስቃለች። እዚህ ቢቸና አብሬያት ውዬ አብሬያት የማድረው እኔ ስናገር ግን «እ?» ትላለች። ደግሜ ስናገር «እ?» ትላለች። ሦስተኛውን ስጮህ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽና ትቆጪኛለሽ?» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ሐኪም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ነገር ግን በጆሮ ጉዳይ ከቢቸና ልብስ ሰፊዎች ሁሉ እኔን የሚያህል አዋቂ ያለ አይመስለኝም። አስተማሪዬ ቅናት ናት። ከእሷ የበረታ አስተማሪ እስካሁን አላየሁም፤ ዕረፍት አትሰጥም፣ የቤት ሥራም አትረሳም።

ነገሩ የሚጀምረው ከበቅሎ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ስድስተኛ፣ እህቴ ሦስተኛ ክፍል ነበርን። እናቴ ሁለታችንን ከፊቷ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችን። ሁለት ልጅ ማስተማር እንደማትችል እኛም እናውቅ ነበር።

«ያንቺ እጅ ሥራ ያውቃል» አለችኝ። «የሷ እጅ ከእርሳስ በቀር የሚጨብጠው የለም። አንቺ የትም ብትጣይ አትወድቂም።»

ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ መስከረም ሲጠባ ነው። እህቴ አዲስ ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የአባቴ በቅሎ ለእሷ ትምህርት ተሸጠች። አባቴ ገበያ ሲሄድ ከፊቱ አስቀምጦ የሚወስደኝ በዚያች በቅሎ ነበር። ከዕቃዋ ሁሉ የቀረልን አንድ እርካብ ነው፤ ጥንዱ ስለጠፋ ገዢው «በአንድ እርካብ አይጋለብም» ብሎ ወርውሮት ሄደ። ምስማር መትቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዛሬም እዚያው ነው።

እህቴ ተማረች። አልፋም አስተማሪ ሆነች፤ ሞጣ ተመደበች፤ እዚያው ወልዳ ከበደች። ከቢቸና ስትወጣ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ መጻሕፍቷን ጥግ ላይ ትታልኝ ሄደች።

«እታለም፣ እሳት ማያያዣ ይሁኑሽ» አለችኝ። እታለም የምትለኝ ታላቅነቴን አክብራ ነው። ሲከፋትም እታለም ነው የምትለኝ፤ ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው።

እኔ መጽሐፍ አላነድም። እሳት ባያያዝኩበት ኖሮ ቅናቴ ይበርድልኝ ነበር መሰለኝ፤ አስቀመጥኩት። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አንድ አንዱን እያወጣሁ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተሟገትኩ ነው ያነበብኩት፤ አንድ መስመር ለመጨረስ አንድ ጉርድ ቀሚስ የምሰፋበትን ጊዜ ይፈጅብኛል። ከሁሉ ያቆመኝ ግን አንድ ሥዕል ነው። ጆሮ እንደ ዱባ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይበት ገጽ።

እኛ ጆሮ የምንለው፣ ሎቲ የምናንጠለጥልበት፣ ለካ ደጁ ብቻ ነው። ሥራው እንደታጠፈ መዳፍ ድምፅ መሰብሰብ ነው። ከዚያ አንድ የጣት አንጓ የምታህል ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ ኩክ የሚሠራው እዚያ ነው። እኛ ቆሻሻ ነው ብለን በፀጉር ሽቦ የምንጎለጉለው ኩክ ትቢያውን የሚይዝ፣ ተባዩን የሚመልስ ዘበኛ ኖሯል። በመጨረሻው ላይ ታምቡሩ አለ፤ ለጥልፍ በቀለበት እንደወጠርኩት ጨርቅ ስስ ሆኖ የተወጠረ ቆዳ። ድምፅ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። ከታምቡሩ ጀርባ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ አንዱ መዶሻ፣ ሁለተኛው ብረት ቀጥቃጭ ከሥሩ የሚያስቀምጠው መስፍ፣ ሦስተኛው እርካብ።

እርካብ! መዝገበ ቃላቱን ሁለት ጊዜ ገለጥኩ። ከስንዴ ፍሬ ያነሰች፣ ልክ እንደ በቅሎ እርካብ መግቢያዋ ክፍት፣ መርገጫዋ ጠፍጣፋ የሆነች አጥንት። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ተነሥቼ የአባቴን እርካብ በጣቴ ዳሰስኩት።

«እማዬ! ሰው ጆሮ ውስጥ እርካብ አለ!» አልኩ።

«እ?» አለች እናቴ።

እህቴ ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራለች። ያሰመረችው ግን ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ነው። እርካቧን አላሰመረችባትም። የአባታችንን በቅሎ ተምራባት ስታበቃ እርካቧን ሳታያት አለፈች ብዬ ያን ቀን ስንገበገብ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንኳ ያስቀናል? ያስቀናል። ቅናት የሚፈልገው ትንሽ ምክንያት ነው።

ከእርካቧ በስተጀርባ በውሃ የተሞላ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥቅልል አጥንት አለ፤ ስሙም ቀንድ አውጣ ነው። እርካቧ የቀንድ አውጣውን መስኮት ስትገፋ ውሃው ይናወጣል፤ ውሃው ውስጥ ያሉ ከዓይን የተሰወሩ ፀጉሮች እንደ ጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ፤ ነርቩ ያንን ተቀብሎ ወደ አንጎል ያደርሳል። ከቀንድ አውጣው አጠገብ ደግሞ ሦስት የታጠፉ ቀለበቶች አሉ፤ እነሱ አይሰሙም፣ ሚዛን ነው የሚጠብቁ። ሰው ሲሽከረከር የሚያዞረው እነሱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ለማን ልንገረው? ለእናቴ? «እ?» ልትለኝ?

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ከሦስት ክረምት በፊት እናቴን ግራ ጆሮዋን ብርድ መታት። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። ጠዋት ቅቤ አቅልጬ፣ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ ለክቼ አፈሰስኩላት፤ ከራሷ እንዝርት ጥጥ ቆንጥሬ ወተፍኩበት። ሕመሙ ተዋት። ቢቸና ውስጥ የትኛዋ ሴት ናት ሌላ የምታደርግ? ከዚያ ወዲህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅቤና ጥጥ ሆነ። የመጽሐፉን ጆሮ እስከ ቀንድ አውጣው ድረስ አውቀዋለሁ፤ የእናቴን ጆሮ ግን እንደ ሰፈሬ ሰው ነበር የማክመው። ሁለቱ አንድ ጆሮ መሆናቸው ትዝ አላለኝም።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ነው። ጸሎቷም፣ ፈትሏም፣ ምሳዋም ወደ ምሥራቅ ዞራ ነው፤ ማንም ንቅንቅ አያደርጋት። በእኔ ቤት መደቧ ላይ እንዲህ ስትቀመጥ የስፌት መኪናዬ በግራዋ በኩል ይውላል። ቀኑን ሙሉ በዚያ በኩል መኪናው ይንተከተካል፤ እኔም በዚያው በኩል እናገራለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለእሑድ ቅዳሴ ራሷን ቅቤ እቀባታለሁ። እኔ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ከፊቴ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ። አጭር ሽበቷን በሁለት እጄ እያሸሁ፣ ድካም ሲይዘኝ አገጬን አናቷ ላይ አስደግፋለሁ። እንደዚያ ሆኜ፣ መኪናው ዝም ባለበት ቤት፣ በሆዴ ያለውን ሁሉ እናገራለሁ። አትሰማም፤ ምን ቸገረኝ?

«ልጅሽ እሷ ናት፤ እኔ ገረድሽ ነኝ» እላለሁ ዝግ ብዬ። «ለእሷ በቅሎ ሸጥሽ፤ ለእኔ መርፌ ሰጠሽኝ። እሷ በዓመት ሁለቴ ትመጣና ሻሽ ታለብስሻለች፤ ለጎረቤት ሁሉ ሻሹን ታሳያለሽ። ያጠበልሽን እጅ ማን አሳየ? ስትሞቺ እንኳ የምትጠሪው እሷን ነው። ምነው አንድ ብቻ ወልደሽ በቀረሽ!»

እናቴ ዝም ትላለች። ቅቤው ሲያልቅ ሻሿን ታስርና ሁልጊዜ የምትለውን ትላለች፦ «እጅሽ ይባረክ።»

ባለፈው ፋሲካ ማግስት እህቴ መጥታ እናቴን «ለአንድ ወር» ብላ ሞጣ ወሰደቻት። ወሩ ሞላ፤ እናቴ አልመጣችም። ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው እህቴ ናት፤ ከጀርባዋ የእናቴ ሳቅ ይሰማኛል። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

«መቼ ነው የምትልኪያት?» አልኩ።

«እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለች። «እዚህ ትሰማለች።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ ልጆቹ ሲያወሯት ትሰማለች፣ ጎረቤት ሲያጫውታት ትሰማለች። አንቺ ቤት ብቻ ነው የምትደነቁረው። ምን እያደረግሻት እንደሆነ እንጃ። እዚሁ ብትቀር ይሻላታል።»

ስልኩን ምን ብዬ እንደዘጋሁት አላስታውስም። በማግስቱ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ፣ የሰው ልብስ ሳልጨርስ ቤቱን ቆልፌ መኪና ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሽቅብ ቁልቁል ስንል ጆሮዬ ድፍን አለ። ይህም ገጹ ላይ ነበር፦ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ምራቅ ሲዋጥ ትከፈትና በታምቡሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን አየር ታስተካክላለች። ምራቄን ለመዋጥ ሞከርኩ። ቅናት ምራቅ ያደርቃል። ሞጣ እስክገባ ጆሮዬ እንደተደፈነ ነበር።

የእህቴ ቤት ስደርስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ጨርቅ የምትነግድ የእህቴ ሙስሊም ጎረቤት አለች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው የምታወራት። እናቴ እያንዳንዱን ቃል ትቀበላለች። እኔ ቤት ሦስት ጊዜ ጮኼ የማላገኘውን ያቺ ሴት በለሆሳስ ታገኘዋለች።

«የቢቸናዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ ጎረቤቲቱ ብድግ ብላ። «እማማ እኮ ስላንቺ አውርተው አይጠግቡም!»

«ስለ እኔ? ምን ትላለች?»

«‹እጇ ወርቅ ነው› ይላሉ። ‹አፏ ግን…›» አለችና እናቴን አይታ በነጠላዋ ጫፍ ሳቋን አፈነች።

እናቴ ጉንጬን ሳመችኝ። አፌ ምን እንዳደረገ አልገባኝም። የማትሰማኝ ሴት አፌን ከየት አወቀችው?

ማታ ራት ላይ ለእህቴ፣ «ነገ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ለጤናዋ ብዬ አይደለም። «ደንቁራለች» የሚል ምስክር ፈልጌ ነው፤ ጥፋቱ የጆሮዋ እንጂ የቤቴ አለመሆኑን ሰው እንዲነግርልኝ።

«ለምን? ትሰማ የለም እንዴ!» አለች እህቴ።

«እኔን አትሰማኝም።»

«እንግዲህ ያንቺን ድምፅ ሆዷ አልወደደው ይሆናል» አለች፤ ቀልድ አስመስላ ወጥ ጨመረችልኝ። አልበላሁትም።

በማግስቱ ዓርብ ሦስታችንም በባጃጅ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ወጣት ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ረጋ ያለ። ባለ መብራት መሣሪያ ይዛ በመጀመሪያ ቀኝ ጆሮዋን አየች።

«ይሄኛው ንጹሕ ነው። ታምቡሩ እንደ ዕንቁ ያበራል።» ወደ ግራው ዞረች። ቆየች። «እዚህኛው በር የለውም። ግድግዳ ነው።» ቀና አለች። «ማነው ቅቤ የሚያፈስባቸው?»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እህቴ እንደ አስተማሪ አየችኝ። «እታለም! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ?»

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። መጽሐፉን ማንበቤን የነገረቻት እናቴ መሆን አለባት። በእኔ ኮርታ ነግራት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን እንደዚያ አላሰብኩትም።

ነርሷ ልቤን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» አለችና ከመሳቢያዋ ባለ ሁለት ጣት ብረት አወጣች፤ ገለባ የምናነሣበትን መንሽ ይመስላል፣ መጠኑ ግን ከማንኪያ አይበልጥም። ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ወደ እናቴ ግራ ጆሮ አስጠጋችው።

«እማማ፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

ደግማ መታችውና እግሩን ከጆሮዋ በስተኋላ፣ እዚያች ጉብ ያለችው አጥንት ላይ አስደገፈችው።

እናቴ ዘላ ልትነሣ ነበር። «ኧረ በስመ አብ! ንብ ገባብኝ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር። ነርሷ የእናቴን እጅ እያሸች፣ «አይዞዎት፣ ንብ አይደለም። ደስ የሚል ወሬ ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ድምፅ በዋናው በር ብቻ አይደለም የሚገባው። በአጥንትም በኩል ይገባል። መተላለፊያው ተደፍኗል እንጂ ቀንድ አውጣው ደህና ነው። እንዲያውም በሩ ሲዘጋ፣ በአጥንት የሚመጣው ይበልጥ ይጎላል። ካላመናችሁ ጣታችሁን ጆሯችሁ ውስጥ ወትፋችሁ አንጎራጉሩ።»

ወተፍኩ። አንጎራጎርኩ። ድምፄ ጭንቅላቴ ውስጥ ሞላ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከውስጥ መታኝ።

ጣቴን ሳላወጣ ወደ እናቴ ዞርኩ። አገጬ። ቅዳሜ። አናቷ። አጥንት ለአጥንት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ደንቁራለች ብዬ፣ አገጬን አናቷ ላይ ተክዬ፣ እየተናገርኩ ያለሁት ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ከደጅ አይደለም፤ ከጓዳዋ ገብቼ። «ምነው አንድ ብቻ ወልደሽ በቀረሽ» ያልኩት፣ «ገረድሽ ነኝ» ያልኩት፣ ያ ሁሉ። እናቴን አየኋት። እሷ ንቡን ያመጣውን ብረት ታገላብጣለች።

ነርሷ ጠብታ አድርጋ፣ ትንሽ አቆይታ፣ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ሞቅ ያለ ውሃ ቀዳች። «ውሃው ቢቀዘቅዝ ያዞራቸዋል፤ ሚዛን የሚጠብቁት ቀለበቶች ቅርብ ናቸው» አለች። እነዚያን ቀለበቶች አውቃቸዋለሁ ለማለት ቃጣኝ፤ አፌን ለመክፈት ግን ድፍረት አጣሁ። ውሃው ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ ነርሷ በቀጭን መቆንጠጫ አንድ ነገር ሳበች። ጎማ የመሰለ፣ ቡናማ፣ መሐሉ ላይ ጥጥ። ጥጡን አወቅኩት። ከፊሉን አውጥቼ ከፊሉ ውስጥ የቀረብኝ የእኔ ጥጥ ነው።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ግራና ቀኝ አየች። «ምነው ሁላችሁም ትጮሃላችሁ?» አለች። ማንም አልተናገረም ነበር፤ እህቴ የቦርሳዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር።

ቤት ስንመለስ እህቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የጀመረችው።

«እንግዲህ ምስክሩ ተገኘ። እናቴን ጆሮዋን ለሚደፍንባት አልመልስም። እዚሁ ትኖራለች።»

ምስክር ፈልጌ ሄጄ፣ የመሰከረው በእኔው ላይ ነው። እናቴን አስቀመጥናት፤ እንደ ልማዷ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በእህቴ ሳሎን ወንበሮቹ ሁሉ በቀኟ በኩል ናቸው። ጎረቤቲቱ በዚያ በኩል፣ ልጆቹ በዚያ በኩል። እህቴ ምንም አላደረገችም፤ ወንበሮቿ ትክክለኛው ጎን ላይ ውለውላት እንጂ። ይህን ተናግሬ መሟገት እችል ነበር። ግን ምን ይረባኛል? እናቴ የሰማችውን ሰምታለች። ማን ከእንዲህ ያለ አፍ ጋር ተመልሶ ይኖራል?

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለች እህቴ።

እናቴ ሻሿን ዳሰሰች። «ነገ ቅዳሜ ነው» አለች። «ራሴን ልቀባና እነግራችኋለሁ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ጠዋት እህቴ ቅቤ አቀለጠች፤ ሳህኑን ግን እናቴ ወደ እኔ ገፋችው። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከፊቴ በርጩማ ላይ። ሽበቷን ከፈልኩ፤ ቅቤውን በጣቴ ጫፍ አስገባሁ። አገጬን ከእሷ አርቄ፣ አንገቴን እንደ ሰጎን ቀጥ አድርጌ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቀባኋት። ግማሽ ራሷን ስጨርስ እናቴ ዞር ሳትል ጠየቀችኝ።

«አገጭሽስ?»

እጄ ቆመ።

«ምነው ዛሬ አገጭሽን አላስደገፍሽም? ደክሞሽ የለም?»

«እማዬ…» አልኩ። «ትሰሚኝ ኖሯል?»

«እንዴት አልሰማ! ራሴ ውስጥ ገብተሽ ስታወሪ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ብቆጣሽ ታቆሚያለሽ» አለች። «ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ቤት የምሰማው የመኪናሽን ጉርምርምታ ብቻ ነው። አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ አያለሁ፣ ድምፅሽ አይመጣም። ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣው። ስድብም ይሁን፣ ሐሜትም ይሁን፣ የልጄ ድምፅ ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ ስቆጥር ነው የምከርም።»

እንባዬ ቅቤው ላይ ተንጠባጠበ። ሞኝ ናት እንዳትሉኝ፤ ያን ጊዜ እንኳ ከሐዘኑ ሥር አንድ የቅናት ነገር ተሰማኝ። እኔ ደስ የሚል ነገር ብነግራት ኖሮ ምን ያህል ትደሰት ነበር! ያንን ያጣሁት እኔው ነኝ። በራሴ ላይ ቀናሁ።

በሩ ላይ እህቴ ቆማለች። ስንት ሰዓት እንደቆመች አላውቅም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ብላሽ ነው? ስለ እኔ ነው?» አለች።

«ስላንቺም ስለ እኔም» አለች እናቴ። «በቅሎዋም አለችበት።»

«እና አሁን ከእሷ ጋር ትመለሻለሽ? እኔ ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም አላጎደልሽም። ያንቺ ቤት ሙሉ ነው፤ ሁሉ ሰው ያጫውተኛል። እሷ ግን ከእኔ በቀር የምታኮርፍበት ሰው የላትም።» እጇን ወደ ኋላ ልካ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «ነርሷን ጠይቂልኝ፤ ቅቤ ራስ ላይ ይፈቀዳል አይደል? ጆሮ ላይ ብቻ ነው የተከለከለው?»

እህቴ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ግማሹ ልቅሶ ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ። መስከረም ሲጠባ በር ላይ ቆማ የቀረች ልጅ ፊት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴ በእኔ ቀናች፤ ለዓመታት የተመኘሁት ቀን ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም። ትንሽ ጣፍጦኛል፤ አልዋሽም።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘችን። በመንገድ ላይ ነገሬን አሰላስዬ ጨርሻለሁ፦ ቢቸና እንደገባሁ የስፌት መኪናዬን ከግራዋ አንሥቼ በቀኟ አደርጋለሁ፤ ቅቤም ከራሷ ወዲያ አያልፍም። እናቴን መስኮት ጥግ አስቀመጥናት። እኔ ከደጅ ዕቃ ስጭን፣ እህቴ ነጠላዋን ልታስተካክልላት ከወንበሯ ኋላ ቆመች። ስታስተካክል አየኋት፤ አስተካክላ ስትጨርስም አልሄደችም። ዝቅ አለች። አገጯን እናቴ አናት ላይ አስደገፈች።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በመስታወቱ በኩል አንድ ቃል አይሰማም። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ረዘመ። እኔ ከሰፋሁላት ቀሚስ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ረዳቱ «የሚቀር ሰው ይውረድ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ እህቴ አገጯን አላነሣችም። ወርዳ ስታልፍ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ከሞጣ እስክንወጣ ታገሥኩ። እስክንወጣ ብቻ ነው የቻልኩት። ምን ብላት ይሆን? ስለ እኔ ይሆን? የትኛው ልጅ ነው እንዲህ በአንድ ቀን የሰው ቅዳሜ የሚወስድ? ወደ እናቴ ጠጋ አልኩ፤ በቀኟ በኩል፣ ለነገሩ አሁን ግራውም ቀኙም አንድ ነው፣ ሁለቱም እንደ ዕንቁ ያበራሉ።

«እማዬ፣ ምን አለችሽ?» አልኩ።

እናቴ መስኮቱን እያየች ፈገግ አለች።

«እ?»